ዝም ያለው እንጨት

መጋቢት 4

ምንም የተለየ ነገር የሌለበት ቀን። ግን ደስ ብሎኝ ዋለ። እኔ ለመደሰት ምክንያት አላበዛም።

ጠዋት ስድስት የወንበር እግር አለሰለስኩ። እጄ ራሱ ብርጭቆ ወረቀት ሆኗል፤ ፊቴን ስታጠብ የምላግ ነው የሚመስለኝ። ከሰዓት በኋላ ሰውዬው፣ ባሌ ማለቴ ነው፣ ከወርክሾፑ ጀርባ የተጋደመውን ግንድ ለማገዶ ሊከፋፍለው ወጣ። ዛፉ በቁሙ ደርቆ ከወደቀ ሦስት ዓመቱ። ሣር ውጦታል፣ ጎኑ ላይ ጆሮ የመሰለ እንጉዳይ ተደርድሮበታል። በሕይወቱ ሳለ ሚስማር የሚያጎብጥ ጠንካራ እንጨት ነበር። አሁን ማን ይፈልገዋል?

መጋዙ ሲከፍለው ግን... ወይ ጉድ! ውስጡ ነጭ፣ የወተት ስልባቦት የመሰለ። በላዩ ደግሞ ጥቁር መስመር። ቀጭን፣ በብዕር የተሰመረ ያህል። አንዱ ይዞራል፣ ሌላውን ሊነካ ሲል ይመለሳል፣ እንደገና ይሄዳል... ካርታ! የማን አገር ካርታ?

"አቁም!" ብዬ ጮህኩ። ሰውዬው ደንግጦ መጋዙን ሊጥለው ነበር።

"ምነው? እጅሽን ቆረጥኩት?"

"እጄ ይኸውልህ። ይሄንን እይ ይልቅ!"

አጎንብሶ አየ። "የበሰበሰ እንጨት ነው።"

"አልበሰበሰም። ተጽፎበት ነው።"

"እንግዲያው አንብቢልኛ" ብሎ ሳቀብኝ።

ልጄ ስትደውል ነገርኳት። ሆዷ ገፍቷል፣ ጫማዋን የሚያስርላት ባሏ ነው። "የሕፃኑ አልጋ ተገኘ" አልኳት።

"ከምን ሊሠራ ነው እማ?"

"ከካርታ።"

"በይ እሺ" አለች፣ እንደ ሁልጊዜው። እናቷን ታውቃታለቻ።

መጋቢት 6

ሰውዬው ጆሮው ደክሟል። ሠላሳ ዓመት መጋዝ ሲጮህበት ምን ያድርግ? ሰው ሲያወራው ይሰማል፤ የእንጨት ድምፅ ግን ከራቀው ቆየ። ስለዚህ እዚህ ቤት እንጨት የማዳምጠው እኔ ነኝ። በጣቴ አንጓ መታ፣ መታ። ጤነኛው ይመልሳል። ኳ! ይላል፣ በር ከፍቶ እንደሚቀበል ሰው። ውስጡ የተበላው አይመልስም። ድፍን። ትራስ እንደ መምታት።

"ምን ይላል?" ይለኛል ሰውዬው። ይጮሃል ካልኩ ይሠራበታል፣ ዝም ብሏል ካልኩ ይጥለዋል። እርግጠኛ ነሽ ወይ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም።

ዛሬ ግንዱን ስናዳምጥ ዋልን። አብዛኛው ድፍን ነው። ከመሐሉ ግን ስምንት ቀጭን ጣውላና አራት ወፍራም ለእግር የሚሆን ወጣ። ወፍራሞቹ አልጮሁም፣ አልዘጉምም። ሹክ እንደ ማለት አሉ።

የሰፈራችን የሳይንስ አስተማሪ መጽሐፍ መደርደሪያ ሊያዝዝ መጣ። ቀጭን ሰው ነው፤ ሲያወራ ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ይመስላል። መስመሮቹን አሳየሁት።

"ፈንገስ ነው እትዬ። የሞተ ጠንካራ እንጨት የሚበሉት እነሱ ናቸው። እንጉዳዩ ፍሬያቸው ነው እንጂ ዋናው አካላቸው ውስጥ ለውስጥ የሚሄድ ክር ነው። ታዲያ ሁለት የማይዋደዱ ሲገናኙ በመካከላቸው ጥቁር ግንብ ያጥራሉ።"

"የድንበር ጠብ ነዋ!"

"እንደዚያ በይው።"

"ዳኛ የላቸውም?"

"የሚበላው እስኪያልቅ የላቸውም" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ጥርሱ ግን ሲስቅ አያምርም፣ ምስኪን።

መጋቢት 11

ዛሬ ያየሁትን ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ።

ለሰጋቱራ ጆንያ ብዬ ወደ ጓዳው ገባሁ። መስኮት የለውም። በሩ ከኋላዬ ተዘጋ፤ በጠራራ ቀን ድቅድቅ ያለ ጨለማ። መብራቱን ልፈልግ ስዳብስ... ከጥግ የሆነ ነገር አየኝ።

አየኝ ነው የምለው? አዎ። መጀመሪያ እንደዚያ ነው የመሰለኝ። አረንጓዴ ጭላንጭል፣ የእሳት ያልሆነ፣ የመብራትም ያልሆነ። ጠጋ ብል ለካስ ከግንዱ የተረፈው ስብርባሪ ነው። ያበራል! እጄን አስጠጋሁ፤ ጥፍሬ ታየኝ። ሙቀት የለውም። ቀዝቃዛ ብርሃን።

ሮጬ ሰውዬውን ጎትቼ አመጣሁት። ከፀሐይ እንደ ገባ አንድ ደቂቃ እንኳ አልቆመም። "የታለ?" አለ።

"ዓይንህ ጨለማውን ይልመደውና..."

"ደንበኛ እየጠበቀኝ ነው አንቺ ሴትዮ።" ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ረጅም ጊዜ ቆየሁ መሰለኝ። ስወጣ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። የመጣሁበትን ጆንያም ረስቼው ወጣሁ።

መጋቢት 19

ጣውላዎቹ ማድረቂያው ገቡ። ማድረቂያ ስንል ከቆርቆሮ የተሠራች ክፍል ናት፣ መሐሏ ላይ ሰጋቱራ የሚበላ ምድጃ ያለባት። ሰውዬው በእያንዳንዱ ጣውላ ጫፍ የገባበትን ቀን በጠመኔ ይጽፋል። ሲወጣ ደግሞ የወጣበትን። ይሄን ሕግ ከአባቱ ወርሶታል፤ አንድ ቀን የማያሸራርፍ ሰው ነው።

"ሃያ አንድ ቀን። እሳቱ እርጥበቱን ብቻ አይደለም የሚያወጣው፣ ውስጡ ያለውንም ይገድላል። ሚያዝያ 10 ታወጫቸዋለሽ፣ ከዚያ በፊት በሩን አትንኪ።"

"እሺ ጌታዬ!" ወታደራዊ ሰላምታ ሰጠሁት። ነገ ለትምህርት ቤት ጣሪያ ሥራ ሩቅ ቦታ ይሄዳል። ምድጃውን የማነደው እኔ ነኝ።

መጋቢት 24

በሩን ነካሁት። ትንሽ ብቻ...

ምን ላድርግ? ናፈቁኝ። ገብቼ ባይ ቀጫጭኖቹ ቢጫ መምታት ጀምረዋል። ያ ወተት የመሰለ መልካቸው የት ሄደ? አንዱ ደግሞ በጥቁሩ መስመር ላይ ተሰንጥቋል። አራቱ ወፍራሞች ግን ገና ናቸው። ነጭ! መስመራቸው ቁልጭ ያለ! እነዚህም ይበላሹ እንዴ? የመጀመሪያ የልጅ ልጄ አልጋ እግር ቢጫ ይሁን?

አራቱንም አወጣኋቸው። አምስት ቀን ቆይተዋል፤ ወፍራም እንጨት ደግሞ ሙቀት ይዞ ይቆያል። ጥላ ውስጥ ቀስ ብለው ይደርቃሉ። ጓዳው ውስጥ አስቀመጥኳቸው።

ሚያዝያ 12

ሰውዬው ተመለሰ። ፀሐይ አክስሎታል፣ ግንባሩ ተላልጧል። ቀጫጭኖቹን በቀናቸው አውጥቼ ነበር። ወፍራሞቹ ጫፍ ላይም በጠመኔ "ሚያዝያ 10" ብዬ ጽፌያለሁ። የእሱን አጻጻፍ አስመስዬ።

አንዱን አንስቶ በእጁ መዘነው። "ይከብዳል።"

"ጠንካራ እንጨት አይደል?"

በአንጓው መታ አደረገው። ጆሮውን አዘነበለ፣ ልማዱ አይለቀው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

"ምን ይላል?"

"ይጮሃል" አልኩት።

ወደ መላጊያው ወሰደው። አንድ ቃል ናት። እንዴት ቀላል ነበረች!

ሚያዝያ 28

አለቀ! ዓይኔ እያየ እንደዚህ ያለ ነገር ተሠርቶ አያውቅም። ራስጌው ላይ መስመሮቹ ተራራና ወንዝ መስለዋል። ቫርኒሹን እኔ ነኝ የቀባሁት፣ ሦስት ጊዜ። ጎረቤት ሁሉ እየመጣ አየ። "ኑ እዩ" ብዬ በር ላይ ቆሜ ስጠራ ሰውዬው "ትኬት ቁረጪላ!" አለኝ።

ልጄ እግሩን ዳሰሰችው። "እማ፣ ቀዝቀዝ ይላል። እርጥብ ነው እንዴ?"

"ቫርኒሽ ነው የኔ እናት።"

ሰኔ 1

ሴት ልጅ! አያት ሆንኩ። ሌላ ምን ይጻፋል?

ሰኔ 21

ሰውዬው ሕፃኗን "አለቃ" ብሎ ሰይሟታል። "አለቃ ነቅታለች?" "አለቃ ምን አዘዘች?" ስታለቅስ ቆሞ ነው የሚሰማት። ይቺን ብቻ ጥርት አድርጎ ይሰማታል።

የልጄ ቤት መሬቱ ጣውላ ነው፣ ያረጀ። ዝናቡ ከጀመረ ወዲህ ግድግዳው ያልበዋል። አለቃ አፍንጫዋ ስለተዘጋ ልጄ ውሃ እያፈላች ክፍሉን በእንፋሎት ታሞቃለች። ምክሩ የእኔ ነው።

አለቃ ታዲያ ትተኛለች! አልጋዋ ላይ ባስቀመጧት ቅጽበት ጭጭ። እቅፍ ላይ ታለቅሳለች፣ እዚያ ስትሆን ዝም።

"የሆነ ሰው የሚያወዛውዛት ነው የሚመስለው" አለ አማቼ።

"አልጋው ነዋ! ማን ሠራው?" አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ።

ሐምሌ 6

ልጄ ገበያ ሄዳ እኔ አለቃን ጠበቅኩ። ከሰዓት፣ መጋረጃው ተዘግቷል። ክፍሉ ዝናብ ይሸታል። ከውጭ የገባ ሽታ አይደለም፤ ከውስጥ ነው። አፈር ሲረጥብ፣ ቅጠል ሲበሰብስ ያለው ዓይነት።

አለቃ አልተኛችም። ዓይኗን ፈጥጣ በአልጋው ጎን ርብራብ መሐል ወደ ታች ታያለች። አንድ ቦታ። ጣቴን በፊቷ አሳለፍኩ፣ አልተከተለችውም። ምን አይታ ነው?

ጎንበስ አልኩ... ከአልጋው ስር፣ ከግራ እግሩ ሥር አረንጓዴ ጭላንጭል። ያ ብርሃን።

መጀመሪያ የተሰማኝ ምን እንደሆነ ለራሴ ልዋሽ? ደስታ ነው። የናፈቅኩት ሰው ያገኘሁ ያህል። እጄ የቀዘቀዘው ቆይቶ ነው።

መጋረጃውን ከፈትኩ። ጠፋ። አለቃ ማልቀስ ጀመረች።

ሐምሌ 9

አስተማሪው መደርደሪያውን ሊወስድ መጣ። ሰውዬው ደረሰኝ እስኪያመጣ እንደ ዘበት አድርጌ ጠየቅኩት። በደንብ ካልደረቀስ? ያ ክሩ ምን ይሆናል?

"አይሞትም። ይተኛል።"

"እስከ መቼ?"

"ውሃ እስኪያገኝ። እንፋሎትም ይበቃዋል። ከዚያ የጀመረውን ይቀጥላል፤ እዚያ ሲያልቅበት ደግሞ ወደሚቀጥለው እንጨት ይሻገራል። ምነው እትዬ? ፊትሽ..."

"ጨጓራዬ ነው" አልኩት።

ሐምሌ 10

ልነግራቸው ነበር። አልነገርኳቸውም።

ሐምሌ 14

ግራ እግሩ ላይ በውስጥ በኩል ትንሽ ነጭ ጆሮ በቅላለች። የሕፃን ጆሮ የምታህል። ለስላሳ፣ ጠርዟ የተጠቀለለ። ልጄ ጡት እያጠባች ስለሆነ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። በጥፍሬ ቀንጥቤ ኪሴ ከተትኳት።

"ምን አነሳሽ እማ?"

"ክር።"

ውሸት ነው ልበል? ክርም አይደል... አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት፣ ይሄን ስጽፍ። ሌላ ጊዜ ቢሆን ጎረቤቱን ሁሉ ጠርቼ አሳይ ነበር።

ነገ አንድ ሰበብ ፈልጌ ሰውዬው አልጋውን እንዲያመጣው አደርጋለሁ። ቫርኒሹ አልተመቸኝም እላለሁ።

ሐምሌ 15

"ቫርኒሹ ምን ሆነ? አለቃ ተኝታበት የለም? ተያት እንጂ" አለኝ ሰውዬው። ተውኩት።

ሐምሌ 16

እንደሆነው ልጻፈው።

ጠዋት ሄድኩ። ያቺ ጆሮ እንደገና በቅላለች። አሁን ሦስት ናቸው። ልጄ ወጥ ቤት ናት፣ አማቼ ለሥራ ሊወጣ ጫማውን ያስራል። አለቃ አልጋው ውስጥ። ተንበርክኬ እግሩን በአንጓዬ መታሁ።

አልመለሰም።

የማይመልስ እንጨት በዕድሜዬ ብዙ መትቻለሁ። ይሄ ግን ሌላ ነው። ዝም ያለው ለማዳመጥ ይመስል ነበር። ሰው በር ጀርባ ቆሞ ትንፋሹን ሲውጥ ይታወቃል አይደል? እንደዚያ። ሁለተኛውን መታሁ፤ ዝም። አውራ ጣቴን ጫን አደረግኩ። ቫርኒሹ እንደ እንቁላል ቅርፊት ተሰበረና ጣቴ እስከ አንጓው ገባ።

ሕፃኗን እንዴት እንዳነሳኋት አላውቅም። ደረቴ ላይ እንዳደረግኳት አልጋው ወደ ግራ አዘነበለ። ቀስ ብሎ፣ ያለ ድምፅ። እግሩ አልተሰበረም፤ ታጠፈ። እንደ ደከመው ሰው ጉልበት። ራስጌው መሬቱን ሲመታ ነው ልጄ የሮጠችው።

"ምንድን ነው? ምን ሆነች?"

"ደህና ናት። ደህና ናት። ይኸውልሽ።"

ነጠቀችኝ። አማቼ አንድ እግሩ ላይ ጫማ፣ አንዱ ባዶ፣ ቁጭ ብሎ የተሰበረውን ያያል። "ይሄ እኮ ጠንካራ እንጨት ነው ተብሎ..."

ያኔ ተናገርኩ። ማድረቂያውን፣ አምስቱን ቀን፣ ጠመኔውን፣ ብርሃኑን። በኪሴ የወሰድኩትንም። አንዴ ከጀመርኩ ማቆም አቃተኝ፤ እኔ መቼም።

ልጄ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ "ብርሃኑን ካየሽ ስንት ቀን ሆነሽ?" አለች።

"አሥር።"

"አሥር ቀን ሙሉ እዚያ ላይ ስትተኛ እያየሽ።"

"አለቃ እንዴት እንደምትተኛበት ስታዩ ደስ ይላችሁ ነበር... እኔም..."

"እማ። ወደ ቤትሽ ሂጂ።"

ሐምሌ 17

ሰውዬው አልጋውን በጋሪ አምጥቶ እግሩን ለሁለት ከፈለው። እንደ ዳቦ። ውስጡ አዲስ ጥቁር መስመር አለ፤ ስንሠራው ያልነበረ። ጫፉ ወደ መሬቱ ያመለክታል።

ይጮህብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮህ ምን ነበረበት! ፍርስራሹን ምድጃ ውስጥ ከተተ። መንደድ እምቢ አለ፤ ሲንጫጫ፣ ውሃ ሲያለቅስ ቆየ። ሰውዬው እሳቱን እያየ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ።

"ጆሮዬ አንቺ ነበርሽ።"

ሐምሌ 25

ስልክ የለም። ሰውዬው በየቀኑ ሄዶ አለቃን አይቶ ይመጣል። ደህና ናት ይለኛል። ሳልጠይቀው አይነግረኝም። ስጠይቀውም ከዚያ አይጨምርም።

ወንበር አለሰልሳለሁ። ሬዲዮ እከፍታለሁ። ለማን ልለፍልፍ?

ሐምሌ 29

"አትተኛም" አለኝ ዛሬ ሳልጠይቀው። በጨርቅ አልጋ፣ በእናቷ ጎን፣ በአባቷ ደረት... እምቢ። ዝም የምትለው አልጋው በነበረበት ቦታ መሬት ላይ ሲያነጥፉላት ብቻ ነው።

"እዚያ እንዳያስተኟት! ንገራቸው!"

"ለምን?" አለኝ። ክሩ ወደሚቀጥለው እንጨት እንደሚሻገር አስተማሪው ያለኝን ነገርኩት። ጃኬቱን አንስቶ ሮጠ።

ነሐሴ 3

ልጄ ደወለች። "ነይ" አለች። ሌላ የለም።

ሰውዬውና እኔ ደረስን። አለቃን አቅፋ በር ላይ ቆማለች፣ ወደ ክፍሉ አትገባም። ከስታለች የኔ ልጅ። አማቼ መዶሻና ጉጠት ይዞ ግድግዳው ሥር ቆሟል።

"አባዬ ጣውላውን ልንቀል ይላል። ከየት እስከ የት እንደሆነ ግን አያውቅም። አንቺ ስሚልን" አለች።

ተንበረከክኩ። ከበሩ ጀመርኩ፤ አንድ ጣውላ፣ አንድ መታ። ኳ። ኳ። ኳ። ደህና ነው። የአልጋው እግሮች የቆሙባቸው አራት ክብ ምልክቶች ጋ ስደርስ... ዝም። እንደጠበቅኩት። ግራ ሄድኩ፤ ዝም። ቀኝ ሄድኩ፤ ዝም። በሕይወቴ እንደዚህ ለመልስ ለምኜ አላውቅም። በቁምሳጥኑ ስር አለፍኩ፣ ወደ ባልና ሚስቱ አልጋ ደረስኩ። ሆዴን መሬት ላይ አድርጌ ክንዴን ከአልጋው ስር ዘረጋሁ። መታሁ።

ዝም። ግን የጣውላው ስንጥቅ በጥላው ውስጥ በራ። ቀጭን አረንጓዴ መስመር፣ እስከ ትራሳቸው ድረስ።

እንደዚህ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም። እውነቴን ነው።

"እማ" አለች ልጄ ከበሩ። "እንዳታሳምሪልኝ። እስከ የት ደርሷል?"

ትንሽ ነው የምትል ቃል አፌ ላይ ነበረች። ተዘጋጅታ፣ ፈገግ ብላ።

"እናንተ የምትተኙበት ስር ገብቷል" አልኳት። "እስከ ራስጌው። መጨረሻውን አላገኘሁትም። ዛሬ እዚህ ቤት ማንም እንዳያድር።"

ልጄ አየችኝ፣ ለረጅም ጊዜ፣ እንደ ሕፃንነቷ። ከዚያ ወደ ክፍሉ ገባችና አለቃን እጄ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"ይዘሻት ውጪ። እኛ አልጋውን እናንሳ።"

ይዣት ወጣሁ። ዝናቡ አባርቷል። አሥራ ሰባት ቀን ሳላቅፋት ከብዳለች። ከኋላዬ የመጀመሪያው ሚስማር ሲነቀል ተሰማ፣ ቀጥሎ የአማቼ ድምፅ፣ "በስመ አብ!" ዞሬ አላየሁም።

አለቃ ግን በትከሻዬ ላይ አንገቷን አዙራ ወደ በሩ ታያለች። ፊቷን ወደ መንገዱ መለስኩት።

ተመልሳ ዞረች።

እንደገና መለስኳት።